በዶቨር የተዶለተው የንጉሥ ሴራ

እንግሊዞች በስውር የሚዶልቱ ጥቂት ሹማምንትን «ካባል» ይሏቸዋል። ብዙ ሰው ቃሉ የተወለደው ከንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ አምስት አማካሪዎች እንደሆነ ያምናል፤ የክሊፎርድ፣ የአርሊንግተን፣ የበኪንግሃም፣ የአሽሊና የሎደርዴል ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲገጣጠሙ ቃሉን ይሰጣሉና። ቃሉ ግን ከእነርሱ በፊት ነበር፤ ከዕብራይስጡ «ካባላ» ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው። አምስቱ ሰዎች ክፉ ስሙን አጸኑት እንጂ አልፈጠሩትም።

እ.ኤ.አ. በ1667 አንጋፋው ሹም ክላረንደን ሲወድቅ ንጉሡ አምስቱን አቀረበ። አይዋደዱም፤ እምነታቸውም አይገጥምም። ይህ ለቻርልስ ተመቸው። ገንዘብ ቸግሮታል፤ ፓርላማው ደግሞ በቀላሉ አይሰጠውም። ገንዘቡ ያለው በፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ እጅ ነበር።

አገናኟ የቻርልስ እህት፣ የሉዊ ወንድም ሚስት ሄንሪታ ነበረች። ወንድሜን ልጠይቅ ብላ ባሕር ተሻግራ ዶቨር ወደብ ደረሰች። ጁን 1 ቀን 1670 ውሉ ተፈረመ። ቻርልስ ካቶሊክነቱን በይፋ ሊያውጅና ከፈረንሳይ ጋር ሆኖ ሆላንድን ሊወጋ ቃል ገባ። ሉዊ በበኩሉ ለእምነቱ አዋጅ 2 ሚሊዮን ሊቭር ሊከፍል፣ ሕዝቡ ቢያምፅ 6 ሺህ ወታደር ሊልክ ተስማማ። ሄንሪታ ውሉ በተፈረመ ወር ሳይሞላ በ26 ዓመቷ ሞተች።

ከአምስቱ መካከል ይህን የሚያውቁት ክሊፎርድና አርሊንግተን ብቻ ነበሩ። የቀሩት ሦስቱ እንዳይነቁ የሃይማኖቱ አንቀጽ የወጣለት ሁለተኛ ውል ተሰናዳ። በኪንግሃም የምር ድርድር መስሎት ፓሪስ ድረስ ሄደ። በዲሴምበር አምስቱም ፈረሙ።

በ1672 ጦርነቱ ተከፈተ። በዚያው ዓመት መንግሥት ዕዳውን መክፈል በማቆሙ ገንዘብ ያበደሩት የለንደን ባለሀብቶች ተጎዱ። የጠረጠረው ፓርላማ በ1673 ካቶሊኮችን ከመንግሥት ሥራ የሚያግድ ሕግ አወጣ። ክሊፎርድ ሥልጣኑን ለቆ በዚያው ዓመት ሞተ፤ አሽሊ ተሽሮ የንጉሡ ቀንደኛ ተቃዋሚ ሆነ።

ቻርልስ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ነገሠ። ካቶሊክ የሆነውም በ1685 በሞት አልጋው ላይ ነው። የዶቨሩ ሰነድ በክሊፎርድ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሕዝብ ወጣ።

ታሪክ የአምስቱን ስም አጠፋ፤ ሦስቱ ግን ራሳቸው የተታለሉ ነበሩ። ዋናው ዶላች ዘውድ የጫነው ሰው ነው። እናም አንባቢ ሆይ፣ የሴራ ወሬ ሲደርስህ ስማቸው የተነሣውን ብቻ አትመልከት፤ ውሉ ማንን እንደጠቀመ ጠይቅ።