የአርመኖችና የየመኖች ኑሮ በአዲስ አበባ

በክፍል ውስጥ ስለ ውጭ አገር ሰፋሪዎች ሲጠየቅ «አርመን የእጅ ባለሙያ ነው፤ ዓረብ ነጋዴ ነው» የሚለው መልስ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይሰጣል። እኔም መምህር ሳለሁ እርማት ሰጥቼበታለሁ። የልዩነቱ ምንጭ ግን የሕዝብ ጠባይ ሳይሆን የአመጣጥ ሁኔታ ነው።

አርመኖች ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቢኖሩም፣ ከ1907 ዓ.ም. የኦቶማን ጭፍጨፋ ተርፎ የመጣው የሚመለስበት ቀዬ አልነበረውም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» ወላጅ አልባ ነበሩ፤ የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። አንጥረኛው፣ ጫማ ሠሪውና ልብስ ሰፊው ከነቤተሰቡ የተቀመጠ በመሆኑ ትርፉን በቤት፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ላይ አዋለ።

የየመኑ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ብቻውን የመጣ ወጣት ነበር። ቀዬው አለ፤ እናት አባት፣ አንዳንዴም ሚስት ይጠብቁታል። ስለዚህ ከቡናና ከቆዳ ላኪዎቹ ጥቂት ባለጸጎች በቀር፣ ሀብቱ በቀላሉ የሚነሣ መሆን ነበረበት፦ ስኳር፣ ላምባ፣ ጨርቅ። ከሱቁ ያድራል፤ ለጎረቤት በዱቤ ይሰጣል፤ ያጠራቀመውን ወደ አገሩ ይልካል። ከኢትዮጵያውያት የተወለዱት ልጆች ታሪክ ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ከሁለቱም ማኅበረሰቦች ብዙዎች ተሰደዱ። ዕድሜውን በግንብ ላይ ያፈሰሰው አርመናዊ ግን ይዞት የሚሄደው ሙያውን ብቻ ነበር።