ቃል ተቀባዩ ሕግ የት ተማረ?

ከዕድራችን አባላት መካከል በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ጣቢያ ወይም ችሎት ያልቆመ ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ጥቂት ነው። አንዱ ከብት ተሰርቆበት፣ አንዱ በድንበር ተጣልቶ፣ ሌላው ለምስክርነት ተጠርቶ ቆሟል። ከዚያ መልስ ቤታችን ገብተን የምናወራው ስለ ዳኛው ነው፤ ፈረደልኝ፣ ፈረደብኝ እንላለን። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቃናውም የሚበላሸውም ገና ከዳኛው ፊት ሳይደርስ፣ ቃላችንን በሚጽፈው ፖሊስ እጅ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ሕግ የት ተማረ? ልጆቻችን ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ሕግ በሚማሩበት በዚህ ጊዜ የትምህርቱን ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል ብለን አስበናል።

የሕግ ትምህርት ባገራችን ትናንት የተጀመረ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብጽ አገር በዐረብኛ ተጽፎ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ካሉት 51 አንቀጾች 22ቱ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ የቀሩት 29ኙ ስለ ሥጋዊው ነገር ናቸው። መጻሕፍት ቤት የገባ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ንባቡን ከነትርጓሜው ያጠናው ነበር። በነገሥታቱ ችሎትም በማዕርግ ዝቅ ያለው ፈራጅ አስቀድሞ ይናገራል፣ ትልቁ ኋላ ይከተላል፤ ትንሹ ትልቁን አይቶ ሐሳቡን እንዳይለውጥ የተበጀ ብልሃት ይመስለናል።

መጻሕፍት ቤት ያልገባው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነበረው፤ እሱም ዛፍ ሥር የሚቆመው ሙግት ነው። ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ «በላ ልበልሃ» ብሎ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረደ ሲከራከር ያገሩ ልጅ ዙሪያውን ቆሞ ይሰማል። ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ምስክር እንዴት እንደሚነቀፍ የሚማረው በዚያ ነው። የድሮውን ሁሉ ግን አናመሰግንም። በሌባሻይ ጊዜ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር፤ ይህን ፍርድ የሚለው ማን ነው?

አዲሶቹ ሕጎች የመጡት ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና፤ ረቂቁን ያዘጋጁት ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊስ አገር ሊቅ ናቸው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በ1954 ዓ.ም. ተከተለ። እንግዲህ ሕጉ ወጣ፤ የሚያውቀው ግን ማን ነበር? ዳኛው በልምድ ዳኛ፣ ፖሊሱ በትእዛዝ ፖሊስ ነበር።

በዚህ ምክንያት በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል የሚባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። አስተማሪዎቹ ባዶ እጃቸውን አልተቀመጡም። ሎወንስታይን ስለ ወንጀል ሕጉ፣ ፊሸር ስለ ሥነ ሥርዓቱ የማስተማሪያ መጽሐፍ አዘጋጁ። ፋኩልቲው ፍትሐ ነገሥትን እንኳ አባ ጳውሎስ ፃድዋ በእንግሊዝኛ ተርጉመውት እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟል።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ግን የማታው ትምህርት ነው። ቀን በሥራ የዋሉ ዳኞች፣ ፖሊሶችና የመንግሥት ሠራተኞች ማታ ማታ ደብተር ይዘው ለሰርቲፊኬትና ለዲፕሎማ ይማሩ ነበር። ቀን የሰው ቃል የጻፈ ሰው ማታ ቃል አጻጻፍን ሲማር፣ ያ ትምህርት በማግስቱ ለሥራ ይውላል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ መጽሐፍ ብቻ አንብቦ ከሚያገኘው ይህ ይቀርባል፤ ምኑ ቅጡ!

ጉድለቱ ቋንቋው ነው። የዲግሪው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ልጁ በእንግሊዝኛ ተምሮ፣ በአማርኛ ለሚከራከር ባላገር ሊሟገት ወይም ሊፈርድ ይመጣል። «ዋስትና»ን፣ «የጊዜ ቀጠሮ»ን አዲስ ሆኖ የሚማረው ሥራ ላይ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ሁሉ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲወጣ ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ኋላ ቀጠለ። በ1987 ዓ.ም. የተከፈተው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ለየክልሉ ዳኞችንና ዐቃብያነ ሕግን ሲያሠለጥን ቆየ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳርና ጎንደርም የሕግ ትምህርት ቤት አላቸው፤ የሰንዳፋው የፖሊስ ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የወንጀል ሕጉ ራሱ በ1997 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ለኛ ቁም ነገሩ ጥቂት አንቀጽ ላይ ስለሆነ ነው። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27፣ ተጠርጣሪው መልስ እንዲሰጥ አይገደድም፣ ያለመመለስ መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ይነገረው ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም ያገሩ ሁኔታና መገናኛው እንደፈቀደ ወዲያው ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ይቺ «እንደፈቀደ» የምትለው ቃል እንደኛ ላለ አገር የተጻፈች ትመስላለች፤ ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ባሕር ሲሆን መንገድ የት አለ? ግን በበጋ አስፋልቱ ደርቆ መኪና በየደቂቃው ሲያልፍ ያችኑ ቃል ምክንያት ማድረግ አይገባም። ልዩነቱን ማወቅ ያለበት ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሌሊት ተረኛ የሆነው ፖሊስ ነው፤ የያዘውም የተያዘውም የኛው ልጅ ነው።

ስለዚህ ሕግ የሚማሩ የአባላት ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ፣ በወርኃዊው ስብሰባችን መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ እነዚህን ሁለት አንቀጾች በአማርኛ እንዲያነቡልንና ጥያቄያችንን እንዲመልሱልን ለሥራ አመራሩ አሳስበናል። ከጣቢያ የሚመጣ ቢገኝም ወንበር አይጠፋም።