ጉና ያወረደው ውኃ፣ ፎገራ የዘራው ሩዝ

የአዱሊስ የድንጋይ ጽሑፍ አንድ ጥንታዊ ንጉሥ በስሜን ተራሮች ያደረገውን ዘመቻ ሲተርክ፣ ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰምጥ በረዶ ያነሣል።

ከስሜን በስተደቡብ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቢረዝምም በረዶ አያከርምም። በአልፕስ ተራሮች በብርዱ ወራት የሚከመረው በረዶ ሙቀት ሲመጣ ቀስ በቀስ ቀልጦ ወንዞችን ይመግባል። የጉና ዝናብ ግን ፋታ አይሰጥም። ክረምቱን በርብና በጉማራ ወንዞች እየጋለበ ወርዶ በወረታ ዙሪያ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛል።

ገበሬው ከዚህ ጠባይ ጋር ተላምዶ ኖሯል። ውኃው ሲሸሽ በጥቁሩ አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ በረግረጉ ሣር ደግሞ በወተቱ የታወቀውን የፎገራን ከብት ያረባል።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያገዙት የሩዝ ሙከራ ይህን ኑሮ ለወጠው። ሌላውን አዝርዕት የሚያበሰብሰው ውኃ ለሩዝ ተስማማው። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ በየማሳው ተስፋፋ፤ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያና የገበያ ከተማ ሆነች። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተተከለ።

ጎርፉ ግን ጉዳት ማድረሱን አልተወም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቅልቆ ብዙዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። በኋላ የተሠራው የርብ ግድብ የክረምቱን ውኃ ይዞ ለበጋ መስኖ እንዲያቆይ ታስቦ ነው የተገነባው።