ሞተሩ የቆመ ሄሊኮፕተር በሰሜን ሸዋ ከፍታዎች እንዴት ያርፋል?

በ1977 ዓ.ም በድርቅ ለተጎዱ የሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች የእርዳታ እህል ከአውሮፕላን ሲጣል፣ የፖላንድ ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ሥራውን ያግዙ እንደነበር ይታወሳል። መንገድ በማይደርስባቸው ገደላማ ቀበሌዎች ዛሬም ከሄሊኮፕተር ሌላ አማራጭ የማይገኝበት ጊዜ አለ። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሞተር ኃይል ቢቋረጥ የተሳፋሪዎቹን ዕጣ በእጅጉ የሚወስነው የሮተሩ፣ ማለትም የተሽከርካሪው ክንፍ፣ አሠራር ነው።

ሞተሩ የቆመ ሄሊኮፕተር እንደ ድንጋይ ይወድቃል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ፔዳሉ ቢቆምም የብስክሌት ጎማ መሽከርከሩን እንደሚቀጥል ሁሉ፣ ሮተሩም ከቆመው ሞተር ይላቀቃል። አብራሪው የክንፎቹን ዘንበል ወዲያው ሲቀንስ ከታች ወደ ላይ የሚያልፈው አየር ሮተሩን ያሽከረክረዋል። የጅራቱ ሮተርም ከዋናው ጋር የተያያዘ በመሆኑ አቅጣጫ መቆጣጠር ይቻላል። መሬት ሲቃረብ አብራሪው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ፍጥነቱን ይገታና በሮተሩ የተጠራቀመውን ጉልበት ለማረፊያ ያውለዋል። ጉልበቱ የሚበቃው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከባድና ረዥም ክንፍ ጉልበት ያጠራቅማል። እንደ ሮቢንሰን አር-22 ያሉ ቀላል ሄሊኮፕተሮች ግን አብራሪው ጥቂት ከዘገየ የሮተራቸው ዙር በፍጥነት ይወርዳል። የሚ-8 ሮተር ስፋቱ 21.3 ሜትር፣ የሚ-24 ደግሞ 17.3 ሜትር ነው። ሁለቱም 12 ቶን ያህል ቢመዝኑ፣ ሮተሩ በሚሸፍነው ክብ በየካሬ ሜትሩ የሚያርፈው ክብደት በሚ-8 34፣ በሚ-24 51 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሚ-24 ያለ ሞተር ሲወርድ ይፈጥናል። ሁለቱም ባለ ሁለት ሞተር መሆናቸው አንዱ ሲጠፋ ይረዳል፤ ሆኖም በከፍታ ስፍራ የቀረው ሞተር ጭነቱን በአየር ላይ አቁሞ ለመያዝ ላይበቃ ይችላል።

በደብረ ብርሃን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቁልቁል የመውረዱ ፍጥነት 15 በመቶ፣ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ጉልበት ደግሞ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል።

ከመሬት መራቅ በአንጻሩ ጊዜ ይሰጣል። ፈረንሳዊው ዣን ቡሌ ሰኔ 14 ቀን 1964 ዓ.ም በላማ ሄሊኮፕተር 12,442 ሜትር ደርሶ ሞተሩ ቢጠፋበትም፣ በዚሁ ዘዴ ወርዶ በሰላም አርፏል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ገደልም ለአብራሪው ጊዜ ይሰጠዋል፤ የሚያርፍበት ሜዳ ግን አያቀርብለትም። እጅግ አደገኛው በገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከመሬት ጥቂት አሥር ሜትሮች ከፍ ብሎ፣ ያለ ወደፊት ፍጥነት መቆም ነው። በዚህ ጊዜ ሮተሩን የሚያሽከረክር አየር ለማግኘት የሚያስፈልገው ከፍታም ፍጥነትም የለም። ለእርዳታ ማረፊያ የሚመርጡ የወረዳ ኃላፊዎች የሜዳውን ስፋት ብቻ ሳይሆን፣ ሄሊኮፕተሩ ፍጥነቱን እንደያዘ በዝቅታ የሚገባበት፣ ባሕር ዛፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሌለበት አቅጣጫ መኖሩንም ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል።