ሰይጣን ቤት እና የኤዲተሩ መቀስ

ሲኒማ ለአዲስ አበባ እንግዳ በነበረበት ዘመን ፊልም የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠርቶት ነበር። ዛሬ ስንሰማው ያስቀናል። በጨለማ ቤት ውስጥ ጨርቅ ላይ ጥላ ሲራመድ ያየ ሰው መቼም ሌላ ምን ይበል? እኔ ግን ስሙን ያወጡት ሰዎች ብዙም አልተሳሳቱም ባይ ነኝ። የሳቱት ቦታውን ብቻ ነው። ሰይጣኑን ሸራው ላይ ፈለጉት፤ እሱ ግን ፊልሙ ተቆርጦ በሚቀጠልበት ጠረጴዛ ላይ፣ መቀሱ ዘንድ ተቀምጦ ነበር።

ይህን በሙከራ ያሳየው ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ነው። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ባሉት ዓመታት (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሞዡኪን የተባለ ተዋናይ ምንም ስሜት የማይነበብበትን ፊቱን ወሰደና አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካቹም ተዋናዩን በመጀመሪያው ተርቦ፣ በሁለተኛው አዝኖ፣ በሦስተኛው ተመኝቶ አየው ይባላል። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነው። ራቡንም ሐዘኑንም ከቤቱ ይዞ የመጣው ተመልካቹ ነው። የአስፈሪ ፊልም ሠሪዎችም ቆይተው ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በሁለት ምስሎች መካከል ክፍተት ይተዉልናል፣ እኛ በፍርሃት እንሞላዋለን።

በ1942 የወጣውን «ካት ፒፕል» የተባለ ፊልም ተመልከቱ። ፕሮዲዩሰሩ ቫል ሉተን፣ ዳይሬክተሩ ዣክ ቱርነር፣ ኤዲተሩ ማርክ ሮብሰን ናቸው። አውሬ በደንብ ሠርተው ለማሳየት የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም። ታዲያ ምን አደረጉ? አሊስ የምትባል ሴት በሌሊት፣ በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ አጥር ሥር ብቻዋን ትሄዳለች። ከኋላዋ ኢሬና ትከተላታለች። ኢሬና ደግሞ ስትቀና ወደ ግሥላነት ትለወጣለች ተብሎ የተጠረጠረች ሴት ናት። ካሜራው አንዴ አሊስን፣ አንዴ ኢሬናን፣ አንዴ የአንዷን እግር፣ አንዴ የሌላዋን እግር ያሳየናል። ሙዚቃ የለም፤ የጫማ ኳኳታ ብቻ። ድንገት የአንዷ ኮቴ ይጠፋል። አሊስ ዞር ስትል መንገዱ ባዶ ነው። መሮጥ ትጀምራለች። በመጨረሻ አውሬ ያጓራ የሚመስል ድምፅ ከጎን ሲመጣ ከመቀመጫችን እንዘላለን። የመጣው ግን የከተማ አውቶቡስ ነው! ፍሬኑን ይዞ ሲቆም ነው እንዲያ ያለው። ከዚያ ወዲህ እነ ሉተን እንዲህ ያለውን ማስደንገጫ ሁሉ «አውቶቡስ» እያሉ ይጠሩት ጀመር።

አገራችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ትላለች። እነ ሉተን ከዚህም አለፉ፤ እባቡን ሳያሳዩን በልጥ አስበረዩን።

አልፍሬድ ሂችኮክ በበኩሉ የድንጋጤንና የሥጋትን ልዩነት በ1962 ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለትሩፎ አስረድቶታል። ጠረጴዛ ሥር ቦምብ አለ እንበል። ሳናውቅ ቢፈነዳ ለ15 ሰከንድ እንደነግጣለን። ቦምቡን አስቀድመን ካየነው፣ ሊፈነዳም 15 ደቂቃ እንደቀረው ካወቅን ግን፣ ሰዎቹ የሚያወሩት ተራ ወሬ ሁሉ ያስጨንቀናል። በ1960 ባወጣው «ሳይኮ» ላይ የሠራው ይህንኑ ነው። ሴትየዋ ገላዋን ስትታጠብ ከመጋረጃው ጀርባ ጥላ ሲመጣ እኛ እናያለን፣ እሷ አታይም። ያ ጥላ ቦምቡ ነው። ቢላው ከተነሣ በኋላ ደግሞ ሥራው የኤዲተሩ የጆርጅ ቶማሲኒ ነው። ያን ትዕይንት ለመቅረጽ 7 ቀን ፈጀ፤ ካሜራው 78 ጊዜ ቦታ ቀየረ፤ ሲቀናበርም 52 ቁርጥ ወጣው። እኔ ቆም እያደረግሁ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቢላ ይታያል፣ ገላ ይታያል፣ የሚጮህ አፍ ይታያል፤ ቢላው ሥጋ ውስጥ ዘልቆ ሲገባ ግን በግልጽ አይታይም። ደሙ እንኳ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሴትየዋን የወጋናት እኛው ነን።

ስቲቨን ስፒልበርግ ደግሞ በ1975 የወጣውን «ጆውስ»ን ሲሠራ የባሕር ጨዋማ ውሃ የሜካኒካል ዓሣ ነባሪውን — ሻርኩን ማለቴ ነው — እያበላሸ አስቸገረው። በ55 ቀን ያልቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ። አውሬው እምቢ ሲል ካሜራው ራሱ የሻርኩ ዓይን ሆነና ከውሃ ሥር የዋናተኞችን እግር ያይ ጀመር። በዚያ ላይ የጆን ዊሊያምስ ሁለት የሙዚቃ ድምፆች ተጨመሩ። ሻርኩ በደንብ የሚታየን ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው። ኤዲተሯ ቨርና ፊልድስም በዚህ ሥራዋ ኦስካር ወሰደች። ልብ በሉ፤ ሉተንን ገንዘብ አጠረው፣ ስፒልበርግን ማሽን ከዳው። ሁለቱንም ያዳናቸው የእኛ ምናብ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ታዲያ ፊልሙ አይደለም። ሲኒማ ቤት ስንገባ ገንዘብ ከፍለን፣ ልንፈራ ፈቅደን ነው፤ ሲያልቅም መብራት ይበራል። ዛሬ ግን መቀሱ በየሰው እጅ፣ በየስልኩ ውስጥ ገብቷል። የሚሮጥ ሕዝብ ያሳዩንና ቀጥለው የሚነድ ቤት ያሳዩናል። ሕዝቡ የሮጠው ከየት ነው? ቤቱ የነደደው መቼ ነው? ሁለቱ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን የሆኑ ናቸው? ቪዲዮው አይነግረንም፤ ኩሌሾቭም አልተናገረም። ቤቱን ያቃጠለውን ሰው በመካከል የምናስገባው እኛ ነን። ብዙ ጊዜም የምናስገባው ቀድሞ የምንጠላውን፣ ወይም የማናውቀውን ጎረቤት ነው። አሊስ ስትሮጥ ያገኘችው አውቶቡስ ነበር፤ ተሳፍራ ቤቷ ገባች። በወሬ የተደናገጠ ሰፈር ግን ዱላ ይዞ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ የሚያስፈራ ነገር ሲደርሰኝ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ልማድ አድርጌያለሁ፦ በዓይኔ ያየሁት የትኛውን ነው? በራሴ የሞላሁትስ የትኛውን? ብዙ ጊዜ ያየሁት ከጠበቅሁት ያነሰ ሆኖ አገኘዋለሁ።