ምድር ቤት የከረመው የሃርለም ድግስ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1969 በኒውዮርክ ግዛት ቤቴል በተባለች የገጠር ቀበሌ፣ ማክስ ያስገር በሚባል የወተት ከብት አርቢ መሬት ላይ፣ ዉድስቶክ ለተባለው የሙዚቃ ድግስ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ተሰበሰበ። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ በጭቃ አደረገው። አጥሩ ተሠርቶ ስላላለቀ ብዙው ሰው በነፃ ገባ፤ አዘጋጆቹም ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ። ዉድስቶክን ከዚያ ዕዳ አውጥቶ የዓለም መነጋገሪያ ያደረገው በዋናነት ማይክል ዋድሊ በ1970 ለእይታ ያበቃው ፊልም ነው።

ፊልሙ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ካቀናበሩት መካከል ቴልማ ስኩንሜከርና ያኔ ስሙ ገና ያልገነነው ማርቲን ስኮርሴዚ ይገኙበታል። ስክሪኑን ለሁለትና ለሦስት እየከፈሉ ዘፋኙንና ታዳሚውን ጎን ለጎን ያሳያሉ። ጂሚ ሄንድሪክስ ሰኞ ጠዋት መድረክ ላይ ሲወጣ አብዛኛው ሕዝብ ወደየቤቱ ሄዶ ነበር፤ ጊታሩን ሲጫወት ዓለም ያየው በፊልሙ ነው።

ከዘፈኖቹ ሁሉ ይልቅ አንጀት የሚበላው ግን የመጸዳጃ ቤት አጽጂው ነው። ደስ እያለው ሥራውን ይሠራል፤ እግረ መንገዱንም አንዱ ልጁ እዚያው ከታዳሚው መሃል እንዳለ፣ ሌላው ደግሞ ቬትናም እንደዘመተ ለካሜራው ይናገራል። የዚያን ጊዜዋ አሜሪካ በአንድ አባት ቤት ውስጥ ተጠቃላ ትታያለች።

በዚያው ዓመት፣ ከቤቴል 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በኒውዮርክ ከተማ የጥቁሮች ሰፈር፣ የሃርለም የባህል ፌስቲቫል ለስድስት እሁዶች ተካሂዷል። ስቲቪ ወንደር፣ ኒና ሲሞን፣ ማሃሊያ ጃክሰን ተጫውተዋል። ስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን የተባለው ባንድ በዚህም በዉድስቶክም መድረክ ላይ ወጥቷል። ሃል ቱልቺን የተባለ ቀራጭ ሁሉንም በካሜራ ቀርጿል። ለመብራት የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው መድረኩ ወደ ምዕራብ ዞሮ ተተከለ፤ የከሰዓቱ ፀሐይ የተጫዋቾቹ ፊት ላይ እንዲያርፍ። ሰዎች ጨረቃን በረገጡባት በጁላይ 20 እንኳ የሃርለም ሰው ሜዳውን ሞልቶት ነበር፤ ለጨረቃው ጉዞ የወጣው ያ ሁሉ ገንዘብ ለድሆች ቢውል ይሻል ነበር ብለው ለጋዜጠኞች በግልጽ የተናገሩም ነበሩ።

ቱልቺን 40 ሰዓት ያህል የሚሆነውን ቅጂ ይዞ ገዢ ፈለገ። ጥቂቱ በቴሌቪዥን ከመታየቱ በቀር፣ የጥቁሮች ዉድስቶክ ብሎ ቢያቀርበውም ፊልም ሊሠራበት የፈቀደ አልተገኘም። ቅጂው ምድር ቤት ተቀመጠ፤ ቱልቺንም ቅጂው ፊልም ሆኖ ሳያይ በ2017 አረፈ። ይህ የገበያ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ ያኔ የማን ደስታ ለታሪክ እንደሚበቃ የሚወስኑት ገንዘቡን የያዙት ነበሩና።

ኩዌስትላቭ በሚል ስም የሚታወቀው ከበሮ መቺ ከዚያ ክምችት «ሰመር ኦፍ ሶል»ን ሠርቶ በ2021 አቀረበ፤ በዓመቱ ኦስካር ተሸለመ። በፊልሙ ውስጥ በልጅነቱ ድግሱ ላይ የነበረ ሰው የድሮውን ቅጂ እንዲያይ ይደረጋል። የሚያስታውሰው ነገር እውነት ይሁን አይሁን መጠራጠር ጀምሮ ነበርና፣ ትዝታው በዓይኑ ፊት ሲረጋገጥለት እንባውን መግታት ያቅተዋል።