ታማሚው ቤቱ፣ ሂሳቡ መንግሥት ዘንድ፦ የርቀት የጤና ክትትል ክፍያ እንዴት ይመረመራል?

በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ፣ የአገሪቱ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት በሚገኝበት የቡሉክ ሰፈር የሚኖር የደም ግፊት ታማሚ ግፊቱን ለማስለካት ወደ ጤና ተቋም መሄድ፣ ብዙ ጊዜም ከኪሱ መክፈል ይኖርበታል። እአአ በ2011 የወጣው የሽግግር ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 31 ላይ መሠረታዊ የጤና አገልግሎትና ድንገተኛ ሕክምና ለዜጎች በነጻ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በተስፋውና በኪሱ መካከል ያለው ርቀት፣ መንግሥት ለጤና የሚከፍለው ገንዘብ በትክክል ለታማሚው መድረሱን ማን ያረጋግጣል የሚለውን ጥያቄ ያስነሳል። ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ታማሚው ከቤቱ ሳይወጣ በሚታከምበት አሠራር ነው።

ይህ አሠራር የሕሙማን የርቀት ክትትል ይባላል። የደም ግፊትን፣ የስኳር መጠንን፣ ክብደትን ወይም በደም ውስጥ ያለ ኦክስጅንን የሚለካ መሣሪያ በታማሚው ቤት ይቀመጣል፤ ልኬቱንም በስልክ ኔትወርክ አማካይነት ራሱ ለሕክምና ባለሙያው ይልካል። "ራሱ" የምትለው ቃል ቀላል አይደለችም። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎችና ለአንዳንድ አካል ጉዳተኞች የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው የመንግሥት መድን ሜዲኬር፣ ታማሚው ለክቶ በቃል ለነገረው ቁጥር የርቀት ክትትል ክፍያ አይፈጽምም።

ሐኪም ቤት ውስጥ የሚሰጥ ሕክምና የራሱ ምስክር አለው። ታማሚው መጥቷል፣ ካርዱ ወጥቷል፣ ከማዘዣው ላይ ፊርማ አለ። በርቀት ክትትል ይህ ነባር ማስረጃ ይጠፋል። መሣሪያው ወደ ቤት መላኩ ሕክምና መሰጠቱን አያሳይም፤ ከሳጥኑ ሳይወጣ ሊቀመጥ ይችላልና። ልኬቱ መድረሱም ብቻውን አይበቃም፤ ያየው ሰው ላይኖር ይችላል።

ሜዲኬር ይህን ክፍተት ለመዝጋት የሞከረው ክፍያውን በመከፋፈል ነው። ታማሚውን ስለ መሣሪያው ለማስተማር አንድ ክፍያ፣ መሣሪያውን ለማቅረብ ሌላ፣ ባለሙያው ልኬቱን አይቶ ሕክምናውን ለሚመራበት ጊዜ ደግሞ ሦስተኛ ክፍያ አለ። ለመሣሪያው ክፍያ በ30 ቀናት ውስጥ ቢያንስ የ16 ቀናት ልኬት መድረስ ነበረበት። ለሦስተኛው ደግሞ በወር 20 ደቂቃ ሥራና ከታማሚው ወይም ከአስታማሚው ጋር በቀጥታ መነጋገር ያስፈልግ ነበር። መስፈርቱ ለአንዳንድ ሕሙማን ጠባብ ነው የሚል ቅሬታ ስለቀረበበት፣ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ከ2 እስከ 15 ቀናት ለሚደርስ ልኬትና ለ10 ደቂቃ ሥራ የሚከፈልባቸው ተጨማሪ መለያዎች ተጀምረዋል።

ደንቡ መኖሩ ግን በቂ አልሆነም። የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመስከረም 2024 ባወጣው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ በ2019 ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው የርቀት ክትትል ወጪ በ2022 ከ300 ሚሊዮን ዶላር አልፏል። አገልግሎቱን ካገኙት መካከል 43 በመቶ ያህሉ ከሦስቱ ክፍሎች ቢያንስ አንዱ አልተሰጣቸውም። ይህ ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም፤ ክፍያው ለታለመለት ሥራ መዋሉን ግን አጠራጣሪ ያደርገዋል። ይኸው መሥሪያ ቤት በ2023 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አጭበርባሪዎች ሳይታሰብ ስልክ እየደወሉ አረጋውያንን ያለ ሕክምና ፍላጎታቸው እንደሚመዘግቡና በየወሩ በስማቸው ሂሳብ እንደሚጠይቁ አስታውቆ ነበር። በአሜሪካ ወላጅ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ለማይታወቅ ደዋይ የሜዲኬር ቁጥር እንዳይነገር ቢያሳስቡ አይከፋም።

በምሥራቅ አፍሪካስ?

በአካባቢው ለጉዳዩ የቀረበው ሙከራ የሩዋንዳ ነው። በእርግጥ እሱ የስልክ ምክክር እንጂ በመሣሪያ የሚደረግ ክትትል አልነበረም። በ2020 መንግሥት ባቢል ከተባለው ኩባንያ ጋር የ10 ዓመት ስምምነት ተፈራርሞ፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባላት በተራ ስልክ ሐኪም እንዲያማክሩ ወጪውን መድኑ እንዲሸፍን አደረገ። በ2023 የብሪታኒያው እናት ኩባንያ ባቢሎን ሲወድቅ የሩዋንዳው አገልግሎትም ተዘጋ። ሂሳቡ ቢጣራም ባይጣራም፣ አገልግሎት ሰጪው አንድ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚከተል አገሪቱ አይታለች።

ኬንያ ደግሞ የክፍያ ማጣራትን ችግር በአደባባይ አውጥታለች። በጥቅምት 2024 ሥራ የጀመረው የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን የቀረቡለትን 10.6 ቢሊዮን ሽልንግ የሚያወጡ የክፍያ ጥያቄዎች ውድቅ ማድረጉን የጤና ሚኒስትሩ አደን ዱዋሌ በነሐሴ 2025 ተናግረዋል። ተመላላሽ ታካሚን እንደተኛ አድርጎ መመዝገብ ከተጋለጡት ዘዴዎች አንዱ ነበር። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው የአሻራ ማረጋገጫ ሰውየው ተቋሙ ውስጥ መገኘቱን ያሳያል። ቤቱ ተቀምጦ ለሚታከም ሰው ግን ብዙም አይረዳም።

ኢትዮጵያ በ2011 በአራት ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች የጀመረችው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም በዚሁ በአካል መገኘት ላይ የቆመ ነው። አባሉ ፎቶ ያለበትን ደብተር ይዞ ይመጣል፤ ጤና ተቋሙ ለሰጠው አገልግሎት ሂሳብ ያቀርባል፤ መርማሪዎች የታካሚውን ካርድ፣ ማዘዣውንና ሂሳቡን ያመሳክራሉ። የርቀት ክትትል በመድኑ ይሸፈን ቢባል ከማመሳከሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ወረቀት ይለወጣል፦ የልኬቶቹ ቀንና ሰዓት፣ ያያቸው ባለሙያ ማንነት፣ የተደረገው ጥሪ፣ በጥሪው የተለወጠ መድኃኒት ካለም እሱ።

ወደ ጁባ ስንመለስ ነገሩ ከሥር ይጀምራል። በደቡብ ሱዳን ሂሳብ የሚቀበልና የሚመረምር፣ ሰፊውን ሕዝብ የሚሸፍን የጤና መድን ገና አልተዘረጋም። የሕዝብ ጤና ተቋማት በአብዛኛው በለጋሾች ገንዘብ ይንቀሳቀሳሉ። በ2024 የተጀመረው የጤና ዘርፍ ለውጥ ፕሮጀክትም በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ይደገፋል። ከጤና ተቋም ርቆ ታማሚን የሚከታተለው ዛሬ መሣሪያ ሳይሆን ሰው ነው፤ በዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን የሚሠራው የቦማ ጤና ሠራተኛ። ሕፃናትን ከወባ፣ ከሳንባ ምችና ከተቅማጥ ያክማል፤ ማንን መቼ እንዳየም በመዝገቡ ላይ ይጽፋል።